ብርቅዬው ስንት ነው?

«ብርቅዬ» የሚለው ቃል በመማሪያ መጻሕፍት፣ በቴምብር፣ በመንገድ ዳር ሰሌዳና በአደባባይ ንግግር አዘውትሮ ስለሚነገር ትርጉሙ ያለቀለት ይመስላል። ከሮቤ ወደ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ እንግዳም ከስንዴው ማሳ ባሻገር የባሌን ተራሮች አሻቅቦ ሲመለከት «እዚያ ላይ ብርቅዬ አራዊት አሉ» መባሉ አይቀርም። ቃሉን ቆም ብሎ ለመረመረው ግን አንድ ስልቻ ውስጥ የተቀላቀለ እህል ሆኖ ይገኛል። ብርቅዬ አንዳንዴ ጥቂት ማለት ነው፤ አንዳንዴ በሌላ አገር የማይገኝ ማለት ነው፤ አንዳንዴም አምሳያ የሌለው፣ ብቻውን የቆመ ማለት ነው። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ አንዱ ከሌላው የግድ አይከተልም። ግዙፉ የባሌ ፍልፈል ለምሳሌ ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ ይሁን እንጂ የሳነቴን አምባ ምድር በጉድጓድ ወንፊት ያደረገው እሱ ስለሆነ በእግር ለሚሄድ ሰው ከቶ ብርቅ አይሆንበትም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትርጉሞች ቆጠራና ካርታ ይፈቷቸዋል። ሦስተኛው ግን በቆጠራም በካርታም የሚፈታ አይደለም። ለመሆኑ ከፍጡራን መካከል በእርግጥ «አንድ ብቻ» ሊባል የሚችል አለን? ካለስ አንድነቱ የሚለካው በምንድን ነው?

ነገሩ ሊያስገርም ቢችልም፣ ይህ ጥንታዊ ጥያቄ በዛሬው ዘመን እጅግ የጋለ ክርክር የሚነሣበት በልጆች ጨዋታ ዙሪያ ነው። በየካቲት 1988 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ «ፖኬሞን» የተሰኘ የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ ለገበያ ቀረበ። ሐሳቡን ያፈለቀው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳትን እያደነ የመሰብሰብ ፍቅር የነበረው ሰው ሲሆን፣ ጨዋታውም ተጫዋቹን በምናባዊ አገር እያዘዋወረ 151 ዓይነት እንግዳ ፍጡራንን ያስለቅመዋል። አብዛኞቹ በየሣሩ ውስጥ ደጋግመው የሚገኙ ተራ ፍጡራን ናቸው። ጥቂቶቹ ግን «አፈ ታሪካዊ» የሚል ማዕርግ ተሰጥቷቸዋል። የበረዶ፣ የመብረቅና የእሳት ወፎች እያንዳንዳቸው በየመሸሸጊያቸው አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛሉ፤ ሚውቱ የሚባለው ኃይለኛ ፍጡርም በአንድ ዋሻ ውስጥ ብቻውን ይጠብቃል። ተጫዋቹ ሳይዛቸው በውጊያ ከጣላቸው በዚያ ጨዋታ ዳግም አያገኛቸውም። በ1992 ዓ.ም. የተከተለው ክፍል ፍጡራኑ እንቁላል እንዲጥሉና እንዲራቡ ሲፈቅድ እንኳ አፈ ታሪካውያኑ መውለድ ተከለከሉ። መውለድ መምሰልን ያመጣል፤ መምሰል ደግሞ አንድነትን ያፈርሳልና የጨዋታው ሠሪዎች የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር ማለት ይቻላል።

ክርክሩ የተነሣው ከዚህ ነው። ወፊቱ በታሪኩ ውስጥ አንድ ብቻ ናት ከተባለ፣ ጨዋታውን የገዛ ልጅ ሁሉ በየእጁ የያዛት ይህች «አንድ ብቻ» ምንድን ናት? ሁለት ልጆች መሣሪያዎቻቸውን በሽቦ አገናኝተው ሲለዋወጡ አንዱ ሁለት የበረዶ ወፍ ሊኖረው ይችላል። በሥዕል ፊልሙ ውስጥም ሉጊያ የተባለው የባሕር ጠባቂ ከልጁ ጋር ታየ፤ በ1999 ዓ.ም. በወጣው ክፍል ደግሞ ማናፊ የተባለው ፍጡር እንቁላል ጣለ፤ ከእንቁላሉ የወጣው ግን እሱን የማይሆን፣ ፊዮኔ የተሰኘ ሌላ ፍጡር ሆነ። ይህቺ የመጨረሻዋ ብልሃት ለሥነ አመክንዮ ተማሪ ደስ የምታሰኝ ናት። ልጅ ይወለድ፤ አባቱን ግን አይተካ! በዚህም ምክንያት አንደኛው ወገን «ታሪኩ አንድ ነው ካለ አንድ ነው» ሲል፣ ሌላኛው «ማዕርግ ብቻ ነው፤ ፍጡሩ እንደማንኛውም ዘር ነው» ይላል።

ተውኔት የሚያውቅ ሰው በዚህ ክርክር ብዙ መደናገር አይገባውም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው ኦቴሎ ተውኔቱ በታየበት ምሽት ሁሉ ዴዝዴሞናን ገድሏል፤ በማግሥቱም ሕያው ሆና አግኝቷታል። ስንት ተዋናይ ኦቴሎን ሆኖ እንደተጫወተ በዓለም መድረክ ቆጥሮ የሚዘልቀው የለም። ኦቴሎ ግን አንድ ነው። በዚህ ላይ «የትኛው ነው እውነተኛው?» ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች ቢኖር የትያትር ቤቱን በር በስሕተት ያንኳኳ ነው። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጦር የሚወጋው ደራጎንም እንዲሁ ነው። ብሩታዊት በየዛፉ ላይ ሆና ታየዋለች፤ ዘንዶው በሺህ ግድግዳ ላይ ይሞታል፤ ሠዓሊውም ሆነ ምእመኑ ሺህ ዘንዶ ነበር አይሉም። ግልባጩ ቢበዛ ባለቦታው አንድ ነው።

ከዚህ ይልቅ አስቸጋሪው የአርዌ ነገር ነው። በአክሱም አፈ ታሪክ አርዌ ሕዝቡን ገብር እያለ የገዛ፣ ከብትና ልጃገረድ የሚበላ ዘንዶ ንጉሥ ነበር፤ በአንደኛው ትረካ አንጋቦ የተባለው ጀግና ገድሎት ሥልጣኑን ወረሰ። ስሙ ግን በግዕዝ የማንም የግል ስም አይደለም። አርዌ ማለት አውሬ ነው፤ «አርዌ ምድር» ሲባልም እባብ ነው። የወል ስም የነበረው የተጸውዖ ስም ሆኖ ዙፋን ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ሰው አንድን ፍጡር «አንድ ብቻ» የሚያደርገው ዘሩን ስለቆጠረ ሳይሆን ቦታ ስለሰጠው መሆኑ እዚህ ላይ ይጋለጣል። በበረሓው እልፍ እባብ ሊኖር ይችላል፤ ግብር የሚቀበለው ግን አንዱ ነው። ይህ የሹመት አንድነት ነው። ሹመት ደግሞ ባለሹመቱ ሲሞት አይሞትም፤ ወራሽ ይፈልጋል። አንጋቦም ዘንዶውን ከገደለ በኋላ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ነገሠ።

ከግሪክ ወደ ግዕዝ በጥንት ዘመን የተመለሰው ፊሳልጎስ ስለ እንስሳት በሚያትተው ክፍሉ ፊንክስ የተባለችውን ወፍ ያወሳል። ይህች ወፍ በየ500 ዓመቱ በመሠዊያ ላይ ራሷን አቃጥላ ከአመዷ ትነሣለች። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የአውሮፓ ሊቃውንትም ወፊቱን ለሥነ አመክንዮ ትምህርት አዋሏት፤ አባል አንድ ብቻ የሆነ ዘር ዘር ይባላልን እያሉ ተከራከሩባት። ቶማስ አኩዊናስ ደግሞ ስለ መላእክት ሲጽፍ ከዚያ ርቆ ሄደ። መልአክ ሥጋ የለውምና ሁለት መላእክት የአንድ ዘር አባላት ሊሆኑ አይችሉም፤ እያንዳንዱ መልአክ ለራሱ ዘር ነው አለ። ሐሳቡ ረቂቅ ቢመስልም ጨዋታውን የሚያስረዳው እሱ ነው። አፈ ታሪካዊው ፍጡር ሥጋ ስለሌለው ነው አንድ መሆን የሚቻለው። አይራብም፣ አይታመምም፣ አያረጅም። ልጁ በስሕተት ቢጥለው መሣሪያውን አጥፍቶ ከመዘገበበት ቦታ እንደገና ይጀምራል። ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ፣ የማይሞት ነገር አንድ ቢሆን ብዙ ቢሆን ባለቤቱን የሚያሳጣው ነገር የለም። የጨዋታው ተከራካሪዎች ሁለቱም ወገኖች በከፊል ልክ ናቸው፤ ሁለቱም የሚቆጥሩት ግን የሚጠፋውን አይደለም።

የሚጠፋውን ለማየት ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደውን መንገድ ይዞ መውጣት ነው። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የሳነቴን አምባ ያቋርጣል፤ ከጎኑ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይታያል። በ1962 ዓ.ም. የተመሠረተው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይህንን አምባ ያቅፋል፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በዚህ ስፍራ ቀይ ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ ፍልፈል ያድናል። ሲያድን ብቻውን ነው፤ ሲኖር ግን በመንጋ ነው። በመንጋው ውስጥ በአብዛኛው የምትወልደው አንዷ አውራ እንስት ስትሆን፣ የቀሩት ግልገሎቿን ይመግባሉ፤ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ድንበራቸውን አብረው ይዞራሉ።

በመላው ዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል እንደሆኑ ይገመታል፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። እንግዲህ ይህ ፍጡር አንድ አይደለም፤ አፈ ታሪክም አይደለም። የአካባቢው የኦሮሞ አርብቶ አደር ስም ሲያወጣለትም አልተገረመበትም። «ጀዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ ብሎታል፤ ፈረስ ወይም ላም ስትወልድ የእንግዴ ልጁን ለመብላት ስለሚከተል ነው። ይህ ስም ከ«ብርቅዬ» ይልቅ ብዙ ያውቃል። ብርቅዬ የሚለው ቃል የሚነግረን ስለ ተመልካቹ መደነቅ ነው፤ ጀዳላ ፈርዳ የሚለው ግን እንስሳው ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ በየትኛው ሰዓት ከሰው ከብት አጠገብ እንደሚቆም ይነግራል።

እዚህ ላይ ከባዱ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይመጣል። ቀይ ቀበሮን በባሌ ደጋግሞ የጨረሰው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1984 ዓ.ም. ግድም፣ ከዚያም በ1995 እና በ1996 ዓ.ም.፣ በኋላም ደግሞ ደጋግሞ ተነሥቷል። በመካከለኛው ወረርሽኝ በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከ4ቱ 3ቱ ያህል ሞቱ። በሽታውን ወደ አምባው የሚያመጣው የእረኛው ውሻ ነው። ውሻው ደግሞ ሥራ ፈት አይደለም፤ በጎቹን ከጅብ ይጠብቃል። በዓለም ላይ ውሻ እልፍ አእላፍ ነው፤ ዘሩ አይጠፋም፣ ማንም ብርቅዬ አይለውም። የእረኛው ልጅ ዘንድ ግን ያ ውሻ ስም አለው፤ ሲጠራ ይመጣል፤ ሌላ ውሻ ቢሰጡት እሱ አይደለም። ቀበሮው በተቃራኒው ስም የለውም፤ ዘሩ ግን በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለውም። ሁለቱ ፊት ለፊት ቢቆሙ አንድ ብቻ የሆነው የትኛው ነው?

አንዳንድ አሳቢ ነገሩን በቁጥር ይፈታዋል፤ 500 ከሚሊዮኖች ያነሰ ነውና ቀበሮው ይበልጣል ይላል። ይህ ፍርድ ቀላል የሚሆነው በጎባ ወይም በአዲስ አበባ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚፈርደው ነው። ሌሊት ጅብ በረቱን ለሚዞርበት ቤተሰብ ግን ፍርዱ ከእውነት ጎድሎ ይገኛል፤ ምክንያቱም ሁለት ዓይነት አንድነት በአንድ ሚዛን አይመዘንም። የውሻው አንድነት ከፍቅርና ከሥራ የመጣ ነው፤ የቀበሮው ከትውልድ ሰንሰለት። በውሻው ሞት የሚያዝን ሰው አለ። የቀበሮው ዘር ሲያልቅ ግን የሚያዝኑት ገና ያልተወለዱት ናቸውና ለቅሷቸው ዛሬ አይሰማም። ያልተሰማ ለቅሶ የለም ማለት እንዳልሆነ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሊያስረዱት የሚገባ ጉዳይ ነው፤ ይህን ለማስረዳት ግን የእረኛውን ልጅ ለቅሶ ማናናቅ አያስፈልግም።

ደግነቱ በተግባር ሁለቱን የሚያጋጭ ነገር እንደሚታሰበው ብዙ አይደለም። ለዓመታት በባሌ የተያዘው ሥራ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ የእረኛ ውሾችን መከተብ ነው። ውሻው ሲድን ቀበሮው ይድናል፤ ሰውም ይድናል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሰውን ሲይዝ ምሕረት እንደሌለው ማንም ያውቃልና። ከዚህ የተለየ፣ ለአመክንዮ ይበልጥ የሚያስቸግር ጉዳይም በዚያው በወይብ ሸለቆ ታይቷል። አንዳንድ ቀበሮዎች ከውሻ ጋር ተዳቅለው ክልስ ወለዱ። ክልሱ ግልገል ከሁለቱም ያልሆነ፣ በእውነት አምሳያ የሌለው ፍጡር ነው። «አንድ ብቻ» መሆን በራሱ ትልቁ ዋጋ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በላይ ሊጠበቅ የሚገባው ያ ክልስ በሆነ ነበር። ማንም እንዲህ አላለም፤ እንዲያውም እንዳይራባ ተፈለገ። አምሳያ ማጣት ብቻውን ክብር እንደማያሰጥ ከዚህ የጠራ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

የደጋ አጋዘን ታሪክ ደግሞ ነገሩን ከሌላ በኩል ያሳያል። የባሌና የአርሲ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲያየው የኖረውን ይህን እንስሳ የአውሮፓ ሳይንስ ያወቀው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ተኩሶ ከጣለው በኋላ ነው፤ ሪቻርድ ላይደከር ደግሞ በ1910 በገዳዩ ስም ሰየመው። ለዓለም «ብርቅዬ» የሆነው ሬሳ ሆኖ ነው ማለት ነው። በ1969 ዓ.ም. በተቀረጸው የ10 ሳንቲም ላይም ታትሞ በሀገሪቱ ኪስ ሁሉ ገባ። አንድ ምስል፣ እልፍ ግልባጭ፤ አንዱ ሳንቲም ቢጠፋ በሌላው ይተካል፤ ለሻጩም ለገዢውም ልዩነት የለውም። ሳንቲሙ ሳንቲም የሆነው በዚሁ ነው።

እንስሳውን እንደ ሳንቲም የመቁጠር ፈተና ሁልጊዜ አለ። በ1983 ዓ.ም. በተካሄደው የመንግሥት ለውጥ ሰሞን ጥበቃው ሲላላ በፓርኩ ውስጥ የነበረው አጋዘን ክፉኛ ታደነ፤ ቁጥሩም በአስደንጋጭ ሁኔታ አሽቆለቆለ። ከዚያ በኋላ ከሮቤ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በዲንሾና በጋይሳይ ሜዳ መልሶ በዛ፤ ዛሬ በዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አካባቢ ሰውን ሳይሸሽ ይግጣል። ይህ ታላቅ ደስታ ነው። ይሁንና «አጋዘኑ ተመለሰ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ረጋ ብሎ ሲታይ ይሸሽጋል። የተመለሰው ቁጥሩ ነው። በዚያን ዘመን የተገደሉት አልተመለሱም፤ ዛሬ የሚግጡት ከግድያው የተረፉት ጥቂቶች የልጅ ልጆች ናቸው። በልጆቹ ጨዋታ መሣሪያውን አጥፍቶ እንደገና የሚጀምረው ተጫዋች ያንኑ ወፍ ያገኛል፤ በጋይሳይ ሜዳ ላይ ግን ያንኑ አጋዘን ያገኘ የለም።

ከፓርኩ ውጭ በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች በፈቃድ አጋዘን እንዲታደን የሚፈቀድበት አሠራር አለ፤ የሚመረጠውም ያረጀ ወንድ ነው። ክርክሩ የታወቀ ነው። ያረጀው ድርሻውን ጨርሷል፣ ዘሩ ይቀጥላል፣ ገንዘቡ ለጥበቃ ይውላል ይባላል። ይህ ክርክር ከሒሳብ አንፃር ላይፈርስ ይችላል። የሚያስበው ግን በሳንቲም አስተሳሰብ ነው፤ ያረጀው አጋዘን በዘሩ ውስጥ የሚተካ ቍጥር ብቻ ነው ብሎ ይነሣል። አዳኙ ራሱ እንኳ እንደዚያ አያስብም፤ ከባሕር ማዶ ድረስ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣው ያንን ልዩ ቀንድ፣ ያንን አንዱን ፈልጎ ነው። ሻጩ በዘር ይቆጥራል፤ ገዢው በነጠላ ይከፍላል። ይህን ተቃርኖ ሳይፈቱ ዋጋ መተመን የተለመደ መሆኑ ተቃርኖውን ትንሽ አያደርገውም።

በ2010 ዓ.ም. ለቀይ ቀበሮ ራሱ በአፍ የሚሰጥ ክትባት በባሌ ተጀመረ። ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ በየመንጋው ግዛት ይቀመጣል። መንጋውን ሁሉ መከተብ አያስፈልግም፤ ከየመንጋው የተወሰኑት፣ በተለይም የሚዋለዱት አውራዎች፣ ከበሉት በሽታው መንጋውን አይጨርስም። ሥጋውን ያስቀመጠው ሠራተኛ የሚሠራው ለዘሩ ነው፤ የሚጨነቀው ግን የትኛው ቀበሮ እንደበላው ነው። በማግሥቱ ጠዋት በአምባው ላይ ተቀምጦ በመነጽር የሚፈልገውም ያንን አውራ ወንድ፣ ያችን አውራ እንስት ነው፤ መብላታቸውን ለማወቅ።